ግቡ እስኪባሉ የጠበቁት

አንድ ነገር ላጫውታችሁ፣ ግን መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ፤ እኔ መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ በትህትና አንገቴን እየነቀነቅኩ በሆዴ የምስቅ ሰው ነበርኩ። የተማርኩት ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያላዘዙትን አይሠራም፣ እመኑኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህ ተጠራጥሬ አላውቅም።

የምሠራው ነቀምቴ፣ አንድ አነስተኛ የግል ሆስፒታል ውስጥ፣ ከላቦራቶሪው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። የደም መመርመሪያው ማሽን የራሱ ፕሮግራም አለው፣ የእኔ ፕሮግራም እሱን ያስነሳና እስኪጨርስ ጠብቆ ውጤቱን ያሳያል። የማሽኑ ስክሪን ከተበላሸ ስለቆየ ውጤት የሚታየው በእኔ በኩል ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጫልቱ የምትባል ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት ከዲጋ መጣች፣ ሐኪሙም የደሟን ውጤት ሳላይ ኦፕራሲዮን አልጀምርም አለ። ፕሮግራሜ ግን ቆመ። ስህተት አይል፣ ምን አይል፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዘጋሁት፣ ከእሷ ሌላ ደም ተቀድቶ እንደገና አስነሳነው፣ ያው ነው።

"ምነው፣ ፕሮግራምሽም እንዳንቺ ዓይን አፋር ሆነ እንዴ?" አለኝ የላቦራቶሪው ደረጀ ብቅ ብሎ። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "ቶሎ በይ እህቴ፣ ልጅቷ እየደከመች ነው።" በሩን ዘግቶ ሄደ።

ያኔ ነው ከበሩ ውጭ ጉሮሮ ሲጠረግ የሰማሁት፣ ታውቁታላችሁ፣ ትልቅ ሰው ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት መምጣቱን የሚያሳውቅባት፣ እህህ የምትለዋ። ያንኳኳሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ አላንኳኩም፣ እኔም ካልጠሩኝ የማልናገር ሰው ነኝና ዝም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ እህህ፣ ከዚያ ከዘራ ሲሚንቶውን ቀስ ብሎ ሲነካ። ተነስቼ ከፈትኩ፣ ማንም የለም፤ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የጫልቱ አባት ኦቦ ቶለራ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣" አሉኝ ወደ ጎኔ እያዩ፣ "ጃርሳውን፣ ሽማግሌውን፣ ለምን አታስገቢያቸውም? ግቡ ካላልሻቸው እኮ ይሉኝታ ይዟቸዋል።"

ጎኔን አየሁ፣ ባዶ ነው። ጭንቀት ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው ብዬ በሩን መልሼ ዘጋሁ።

እንደተቀመጥኩ ችግሩ ገባኝ። የማሽኑ ፕሮግራም እየሠራ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ የሚጽፈውም በሁለቱ መካከል ባለች እንደ ቱቦ ባለች መተላለፊያ ነው፣ የእኔው ደግሞ መጨረሱን ብቻ እየጠበቀ ቱቦውን አያነብም። ቱቦው ሞላ፣ ያኛው እስኪነበብለት ቆመ፣ የእኔው ያኛው እስኪጨርስ ቆመ፣ ማንም ካልነካቸው እስከ ምጽአት እንዲሁ ይጠባበቃሉ። መፍትሔው እየሠራ ሳለ ማንበብ፣ ለመጠበቁም ገደብ ማበጀት ነው። ግን ይህ የሚያድነው ቀጣዩን ነው፤ የተጣበቀውን ሥራ ማቋረጥ አለብኝ፣ ከዚያች ሴት ደግሞ እንደገና ደም ሊቀዳ ነው።

ማስተካከያውን እየጻፍኩ ሳለ ያ ድምፅ ደግሞ እህህ አለ፣ አሁን በጣም ቅርብ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ "ኮታ፣ ይግቡ" አልኩ ጮክ ብዬ።

የበሩ እጀታ አልተንቀሳቀሰም። ክፍሉ ግን ሰው እንደተጨመረበት ጠበበኝ፣ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ሸተተኝ፣ ስክሪኑ ላይም ያ የተጣበቀው ሥራ፣ እኔ ምንም ሳልነካው፣ መፍሰስ ጀመረ። አይሆንም እኮ! አዲሱን ገና አላስነሳሁትም፣ አሮጌው ደግሞ ማንበብ አያውቅም። ታዲያ ማን አነበበለት?

ውጤቱ ወጣ፣ ያተምኩትን ወረቀት ደረጀ ከእጄ ነጥቆ ሮጠ።

ጫልቱ ተረፈች፣ ልጇ ግን አልተረፈም። ከሆስፒታሉ በወጣችበት ዕለት ኦቦ ቶለራ ሊያመሰግኑኝ መጡ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ክፍሌን በዓይናቸው ሲፈልጉ ቆዩ።

"ጃርሳው የታሉ? እጃቸውን ልስም ብዬ ነበር።"

"ኦቦ ቶለራ፣ ማንም እኮ አልነበረም።"

"አንቺው አይደለሽ ኮታ ያልሻቸው? በጆሮዬ ሰምቻለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሺ ብለው ገቡ። ልጄ ከኦፕራሲዮን እስክትወጣ ከዚያ አግዳሚ አልተነሳሁም፣ ሲወጡ ግን አላየኋቸውም።"

ክፍሌ መስኮት የላትም፣ በሯም ያ አንዱ ብቻ ነው። ዛሬም የምሠራው እዚያው ነው።