በጨርቅ የተሸፈነው ጨዋታ

ቢሆነኝ በገዛ ጌም ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል፤ ከመዳፉ አጠገብ ጫፉ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ተጋድሟል። የፍኖተ ሰላም ከተማ ነገሩን ወዲያው ፈርዳ ዘጋችው፦ መብራት ያዘው፣ ገደለው፣ በቃ። ሳጅን ወልደ ሥላሴም ከዚህ የተለየ ነገር ለማሰብ አልደከመም። ገመዱን ማን እንደዘረጋው ጠየቀ፤ «አለበል ኤሌክትሪሺያኑ» ሲሉት አለበልን በቸልተኝነት ሰው በመግደል አስሮ ወደ እራቱ ሄደ። በሬ የሚገዛ ገበሬ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ ዋጋ አይጠራም። ሰው የሚያስር ሳጅን ግን ምንም መክፈት አላስፈለገውም።

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በሚካኤል ዝክር ዕለት ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ቀብሩ ሳይፈጸም፣ የሟቹ እህት ሰብሊ ከዞኑ ፖሊስ ግቢ በር ላይ ቆማ ኢንስፔክተር አስካለ ማርያምን ጠበቀቻት። አስካለ ማርያም ጠጉሯ የሸበተ፣ ብዙ ወሬ የማትወድ፣ ከሰው ዓይን ይልቅ የሰው እጅ የምታይ መርማሪ ነበረች።

«እርስዎን ነው የምፈልግ» አለቻት ሰብሊ።

«ሳጅኑ ጨርሶታል ሲሉ ሰማሁ።»

«እኔን ነው የጨረሰኝ! ዛሬ ወንድሜን እቀብራለሁ። ነገ አለበልን ፍርድ ቤት ያቆሙታል። ትናንት በዝክሩ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት፣ ወንድሜ ተነሥቶ 'እህቴን ለአለበል ሰጥቻለሁ' አለ። ሁሉም ደስ አለው። ይታገሱ እንኳ አጨበጨበ። ከዚያ ወንድሜ ጠላው ከበደኝ ብሎ ጌም ቤቱ ሊያርፍ ሄደ፤ ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸት ነው። አሁን ሰዉ ምን ይላል መሰለዎ? 'አለበል የእጮኛውን ወንድም ፈጀ' ነው የሚለው። ሳያውቅ ነው ቢሉኝስ ምን ይጠቅመኛል? በወንድሜ ሬሳ ላይ የሰርግ ድንኳን አልጥልም።»

«የጮኸው ማን ነበር?»

«ይታገሱ ነዋ። የወንድሜ የልብ ጓደኛ። አብረው ነው ያደጉ። ያገኘውም እርሱ ነው።»

አስካለ ማርያም ሌላ አልጠየቀችም። ወደ ልቅሶ ቤቱ ሄዳ ሬሳው ሊገነዝ ሲል ደረሰች። መዳፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች። ቃጠሎው ደረቅና ቢጫ ነበር፤ ዙሪያው አልቀላም፣ ውኃም አልቋጠረም። የታችኛውን ከንፈር በጣቷ ገለበጠች። ውስጡ በገዛ ጥርሱ ተነድሏል፤ በጥርሶቹ መካከል አንዲት ቀይ ክር ተሰክታለች። ክሯን በወረቀት ጠቀለለች።

«ግነዙት» አለች።

ጌም ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በአንደኛው ግድግዳ ሰፊ ቴሌቪዥንና አዲስ ፕሌይስቴሽን፤ በሌላው ሆዱ የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥንና ካሴት የሚጎርስ ያረጀ የጌም ሳጥን። አሮጌዎቹ ሁለቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል። አግዳሚው ላይ ቀይ ሽፋን ያላቸው ትራሶች ተደርድረዋል። ቆጣሪው ከበሩ ጎን ነው፤ ያለው ማጥፊያ አንድ ብቻ ስለሆነ እርሱ ሲወርድ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል።

«ከትናንት ወዲህ ማን ገባ?»

«ማንም» አለ ሳጅኑ። «ይታገሱ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ ልጁን ከገመዱ ጎትቶ፣ መልሶ አብርቶ ጮኸ። ሰው ሲሰበሰብ እኔ ደረስሁ። በሩን አሽጌ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ። ንጹሕ ሥራ ነው ኢንስፔክተር።»

ጨርቁን ገለጠች። በሳጥኑ ግንባር ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች። ቴሌቪዥኑን አበራችው። በጥቁር መስክ ላይ፣ ከአንድ የጡብ ምሽግ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ታንኮች ሳይንቀሳቀሱ ቆመዋል። ምንም አልገባትም። ፎቶ አነሣችው፤ ቴሌቪዥኑን ብቻ አጥፍታ ጨርቁን እንደነበረ መለሰች።

«የልጆች ጨዋታ ነው እኮ» አለ ሳጅኑ እየሳቀ።

«ታዲያ ከልጆቹ ለምን ሸፈኑት?»

ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። ጌም ቤት የሥራ ፈት ጎሬ ነው ብሎ የደመደመ ሰው ጎሬው ውስጥ ያለውን ነገር አያይም። በዚህ ንቀት ውስጥ ብቻውን አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ ሳያውቅ ነበር የሚቆጣቸው። አስካለ ማርያምም አታውቅም ነበር። አለማወቋን ግን እንደ ዕውቀት አልቆጠረችውም። በሩን አሳሽጋ ልትጠይቅ ሄደች።

መጀመሪያ የጠራችው ደጀኔን ነው። ደጀኔ ቡሬ ላይ ጌም ቤት አለው፤ ለዝክሩ መጥቶ ከቢሆነኝ ጋር ሲጯጯህ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በጌም ነዋ! አዲሱን ፕሌይስቴሽን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ኳሱን አይተውታል? የተጫዋቹ ላብ ይታያል እኮ! ሣሩ ሲረገጥ ይተኛል። ሰሞኑን ደግሞ በፈረስ በረሃ የሚያቋርጡበት አንድ ጌም ጀምሬ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ጠላት መተኮሱን ትቼ እርሷን ሳይ ገደሉኝ።»

«ሞትህ ማለት ነው?»

«ብሞትስ! ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። እርሱ ግን ያቺን የአባቶቻችንን ሳጥን ሙጭጭ አለ። 'አውጥተህ ጣላት፣ ሰው ይስቅብሃል' አልሁት። 'ያንተ ጌም ያባብልሃል፣ የእኔ ግን ያከብረኛል' አለኝ። ተናደድሁ፤ በንዴት ከዝክሩ ሳልነሣ ስጠጣ አመሸሁ። አሁን ሳስበው እውነቱን ነው መሰለኝ።»

ቀጥላ አለበልን ከእስር ክፍሉ አስጠራችው።

«ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስዘረጋው ግን አልተላጠም። ከፈለጉ እንደታሰርሁ ልቅር፤ ሰብሊን ብቻ እኔ እንዳልሆንሁ ይንገሩልኝ።»

«አንተስ ትጫወታለህ?»

ያላሰበው ጥያቄ ነበርና ፈገግ አለ። «እኔ? ቢሆነኝ የመኪናውን ጌም ያስይዘኝና ግድግዳ ስመታ ሆዱን ይዞ ይስቃል። 'ቤት መብራት ማስገባት ይሻልሃል' ይለኛል።» ፈገግታው ጠፋ። «ይለኝ ነበር።»

ይታገሱ በመጨረሻ መጣ። መምህር ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። እንደገባ ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እንደገባሁ ገመዱ ይዞታል። ሮጬ ከቆጣሪው አጠፋሁት፤ ጎተትሁት። አልቆ ነበር።»

«ይበቃል፣ አታስጨንቅ ራስህን» አለች። «ሌላ ነገር ላውራህ። እኔ ጌም የሚባል አላውቅም። ሰሞኑን ምን ትጫወቱ ነበር?»

ፊቱ በራ። ሐዘኑ ለአፍታ ለቀቀው።

«የታንኩን። ከልጅነታችን ጀምሮ። ሁለት ታንክ፣ አንድ ምሽግ። አንዱ ግራውን ይጠብቃል፣ አንዱ ቀኙን፤ አንዱ ከተዘናጋ ሁለቱም ያልቃሉ። የደጀኔን ጌም ሞክሬዋለሁ፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ሆድ ግን አያንቀጠቅጥም። ምን ያንቀጠቅጣል፣ የደረስህበትን ሁሉ ያስቀምጥልሃል!»

«የእናንተውስ?»

«ማስቀመጫ የላት! መብራት ለቅጽበተ ዓይን ከሄደ ከመጀመሪያው ነው። ስንደክም ፖዝ አድርገን፣ ባለበት አቁመን ማለቴ ነው፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ አጥፍተን ጨርቅ እናለብሳታለን፤ ጨርቅ የለበሰች ሳጥን ማንም አይነካም፣ የቤቱ ሕግ ነው። በዚህ ሰሞን መብራቱ አልጠፋም። ማንም ያልደረሰበት ደርሰናል።»

«ጓደኛህ ሳያውቅ ቢመታህስ?»

«አትሞትም። ደንዝዘህ ትቆማለህ። ያን ጊዜ ጠላት መጥቶ ይጨርስሃል።»

አስካለ ማርያም አመሰገነችው።

ከቀብር መልስ ሁሉንም ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰብሊ በጥቁር ልብሷ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ አለበል በካቴና፣ ደጀኔና ይታገሱ አግዳሚው ላይ፣ ሳጅኑ ሰዓቱን እያየ።

«ቢሆነኝን መብራት አልገደለውም» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሳጅኑ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«የሕያው ሰው ሥጋ ሲቃጠል ዙሪያው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል። የእርሱ መዳፍ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው የተቃጠለ። ገመዱ የነካው ከሞተ በኋላ ነው። ከንፈሩንም መብራት አልነደለውም። ተኝቶ ሳለ አፉ ላይ የሆነ ነገር ሲጫንበት በጥርሱ ነከሰው።» ከአግዳሚው አንድ ትራስ አነሣች። የቀዩ ሽፋን ጥግ ተተርትሯል። ከወረቀቱ ያወጣቻትን ክር አጠገቡ ያዘች። «ይህን።»

ሰብሊ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እንግዲያ አለበል...»

«ቆይ ልጄ። ገዳዩ እስኪታወቅ ሁላችሁም እኩል ናችሁ። አቶ ደጀኔ፣ ጌም አዋቂው አንተ ነህ፤ ያን ጨርቅ አንሣና ቴሌቪዥኑን አብራልኝ።»

ደጀኔ ጨርቁን ገፈፈ። ሁለቱ ታንኮች ከጥቁሩ መስክ ብቅ አሉ።

«ወይ ጉድ! እዚህ ድረስ ደርሰው ኖሯል? ይሄ እኮ መጨረሻው ደጃፍ ነው!»

«መብራት ቢጠፋበት ምን ይሆናል?»

«ያልቅለታላ! አንዴ ቆጣሪው ከወረደ ከመጀመሪያው...» ደጀኔ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ይታገሱ አዞረ። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ቆጣሪውን አውርጃለሁ አላልህም?»



«ቸኩዬ ነበር» አለ ይታገሱ። «ደንግጬ... ያወረድሁት መስሎኝ ይሆናል።»

«እሺ፣ አላወረድኸውም» አለች አስካለ ማርያም። «እንግዲያው ገመድ የያዘውን ሰው መብራቱ እንዳለ ጎተትኸው፤ ግን አንተን አልያዘህም። ለምን? ቢሆነኝ ገመዱ ላይ አልነበረማ። ቀድመህ በትራስ አፍነኸዋል። ገመዱን ከሶኬቱ ነቅለህ ልጠህ፣ መልሰህ ሰክተህ፣ ያልተላጠውን ይዘህ፣ ጫፉን መዳፉ ላይ አሳረፍኸው። ከዚያ ጮኸህ። ሰው ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው 'መብራቱን አጠፋህ ወይ?' ነው፤ 'አዎ' አልህ። ያን 'አዎ' ሳጅኑ አመነው። ይህ ሳጥን ግን አላመነም።»

«ለምን ብዬ? ወንድሜ ነው እኮ!»

«ሰብሊ፣ 'ይታገሱ እንኳ አጨበጨበ' ብለሽኝ ነበር። ምኑ ነው የሚገርም ማጨብጨቡ?»

ሰብሊ ነጠላዋን ከአፏ አነሣች።

«ወንድሜን ለምኖት ነበር፤ እኔን እንዲሰጠው። ወንድሜም ሳይጠይቀኝ ቃል ገባለት። ስሰማ እንቢ አልሁ፤ አለበልን ነው የምፈልግ አልሁት። ወንድሜ ሁለት ሳምንት ተጨንቆ ነው ለእኔ የፈረደ።»

«ቃል ገብቶልኝ ነበር!» ይታገሱ ተነሣ። ድምፁ የተበዳይ ድምፅ ነበር፤ የሚያስጠላውም ይኸው ነው፣ ከልቡ ነበር። «ለብቻዬ ጠርቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በሽማግሌ ፊት፣ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ! ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ 'ና የመጨረሻዋን እንጨርሳት' አለኝ። እዚህ ጋደም አለ። ምን እንዳደረገኝ እንኳ አላወቀም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው!»

«አንተን አምኖ ነዋ የተኛው» አለች አስካለ ማርያም። «ገመዱንስ ያለምክንያት አልመረጥኸውም። የዘረጋው አለበል ነው። ጓደኛህን ለመቃብር፣ እጮኛዋን ለእስር ቤት፤ ሰብሊ ብቻዋን ስትቀር የሚያጽናናት አንተ ነበርህ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከአለበል እጅ እየፈታ ነበር። 

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች አስካለ ማርያም ይታገሱን። «ቆጣሪው አጠገብህ ነው። አንዴ አውርደህ ብታነሣው ውሸትህ እውነት ይሆን ነበር፤ እኔም የምይዝህ በቂ ነገር አይኖረኝም ነበር። ይህን ሕግ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምን አላወረድኸውም?»

ይታገሱ ሁለቱን ታንኮች አየ። «እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ነበር» አለ በቀስታ። «አንድ ዙር ብቻ ነበር የቀረን። አሳሳኝ።»

«ምን አሳሳህ?»

«ጌሙ።»

ሰብሊ አላለቀሰችም። ክፍሉን አቋርጣ ወደ አሮጌው ሳጥን ሄደች፤ የመብራት መሰኪያውን በእጇ ያዘችው። ሳጅኑ «ማስረጃ ነው!» ሲል አስካለ ማርያም በእጇ ዝም አሰኘችው፤ ፎቶው ተነሥቷል፣ ምስክሮቹም ቆመዋል።

«ወንድሜ እስትንፋስ ሲያጥረው አልሳሳህለትም» አለች ሰብሊ።

«አትንኪው!» ይታገሱ ዘለለ፤ ደጀኔና ሳጅኑ ያዙት። «ሰብሊ፣ በሚካኤል! እርሱ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው! በግራ ያለው የእርሱ ነው!»

ሰብሊ በግራ የቆመችውን ትንሽ ታንክ አየቻት። ቀኙን የሚጠብቅላት ጓደኛዋ ታንክ ከምሽጉ ማዶ ቆሟል።

መሰኪያውን ነቀለችው። ቀይዋ መብራት ጠፋች። በትናንቱ ጩኸቱ መላ ሰፈሩን ያታለለው ሰው አሁን ከልቡ ጮኸ፤ ከሰፈሩ ግን ማንም አልመጣም።