የእማዬ ሙአዚን

የመርሳ መስጊድ ድምፅ ማጉያ መንጫረር ሲጀምር የሀጂራ አውራ ጣት ስልኩ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «አሏሁ አክበር» ሲል ተጫነችው። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ ዘጋችው። ወደ ተምሩ እጇን የዘረጋችው ከዚያ በኋላ ነው።

ረመዳኑን ሙሉ እንዲህ ነው። እናቷ ቤይሩት በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። የምትውልበት ማእድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሰማይ አያሳይ፣ አዛን አያሰማ። ማንበብ ስለማትችል ከስልኳ የምታውቀው ኢሞ የሚባለውን መደወያ ብቻ ነው። ጾሙ ሊገባ ሲል ደውላ፣ «ሀጂዬ፣ ዘንድሮ አዛን የምትዪልኝ ሙአዚኔ አንቺ ነሽ» አለቻት። «መግሪብ ሲል ሚስኮል አድርጊልኝ፤ እሱን አይቼ አፈጥራለሁ።»

አምና ማዳሟ ጾሙን ጭራሽ ከልክላት ነበር። ዘንድሮ በስንት ልመና ፈቀደች፤ እሱም ለረመዳን ብቻ። «ከዒድ በኋላ ጾሜያለሁ ብትዪኝ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» ብላታለች። ለዚህ ነው ሀጂራ በዚያች ሚስኮል ቀልድ የማታውቀው።

ያን ምሽት ሀጂራና አክስቷ ሾርባውን ሳይጨርሱ የጎረቤት ልጅ ዓሪፍ፣ እናቱ የላከችውን ሳምቡሳ በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ ገባ። ከሀጂራ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት።

«ሀጂ፣ ነይ ወንድሜን ሰላም በይው! ያው እናትሽ ያለችበት ከተማ ነው።»

በቪዲዮው የዓሪፍ ወንድም ከባሕሩ ዳርቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ በፌስታል ተምር አለ። «እናንተማ በላችሁ አይደል? እድለኞች!» ብሎ ሳቀ። «እኛ ገና ነን። እያት እስቲ ፀሐይዋን!»

ስልኩን አዞረው። ፀሐይዋ ቀልታ ከባሕሩ በላይ ቁጭ ብላለች።

ሀጂራ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። «ሁሌ ነው እንዲህ የምትዘገዩት?»

«ኧረ የረመዳን መጀመሪያ አካባቢ እኩል ነበርን። እየቆየ ሲሄድ እኛ ወደኋላ ቀረን። አሁንማ እናንተ በልታችሁ ስትነሱ ነው እኛ ጋ አዛን የሚለው።»

እናቷ በዚያች ደቂቃ ውሃዋን ጠጥታ፣ ተምሯን በልታ፣ ሳህን እያጠበች ነው። ፀሐይ ሳትገባ።

«አክስቴ፣ ጾሟን ያስፈታኋት እኔ ነኝ» አለች።

አክስቷ ዙልፋ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ፓፓያ ስትሸጥ ውላ ደክሟታል። «ኧረ በአሏህ! አንቺ ምን አውቀሽ?» አለች። «ከነገ ጀምሮ ሚስኮሉን አዘግዪው። ያለፈውን ግን ሆድ ይፍጀው።»

«አቦ፣ ፈታ በይ» አለ ዓሪፍም። «ባሕር ማዶ ሆና ምን ታደርገዋለች?»

ሀጂራ ግን መፍታታት አልቻለችም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ መድረሳው ሄደች። መምህሯ ኡስታዝ አቡበከር ጫማቸውን ሲያወልቁ ደረሰችባቸው፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰሟት።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «ሳታውቅ ነውና ወንጀል የለባትም። እነዚያን ቀናት ግን ቀዷ ታወጣለች። ከዒድ በኋላ ትጾማቸዋለች።»

«አያስጾሟትም እኮ፣ ኡስታዝ! ሙሳፊር አይደለች? ለመንገደኛ ጾሙ ይቀልለት የለ? በሰው አገር አይደል ያለችው?»

«መንገደኛም ቢሆን ኋላ ቀዷውን ያወጣል። እሷ ደግሞ ከርማለች፤ ቤት ይዛ የተቀመጠች ሙሳፊር አትባልም።»

«እንግዲያው እኔ ልጹምላት። እዳው የኔ ነው።»

ኡስታዝ አቡበከር ፊታቸው አዘነ። «በሕይወት ላለ ሰው አይጾምለትም፣ የኔ ልጅ። ስትችል ትጾማለች፤ አሏህ ያግራላት። አንቺ ዱዓ አድርጊላት።»

ዱዓ! ሀጂራ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ብትነግራት፣ እናቷ ልትከፍለው የማትችለው እዳ ተሸክማ ልታድር ነው። ባትነግራት ደግሞ እዳው መኖሩንም አታውቅም። ማዳሟን እሷ አትለምን፣ ቤይሩት አትሄድ፣ ፀሐይዋን ጎትታ አታስገባ።

አመሻሹ ላይ አዛን አለ። ዙልፋ ተምሯን አፏ ውስጥ ጨምራ፣ «ቢስሚላህ በዪ እንጂ» አለቻት። ሀጂራ በአንድ እጇ ተምር፣ በሌላው ስልክ ይዛ ጠበቀች። ዓሪፍ፣ ወንድሙ ጋ አዛን ሲል መልእክት እልካለሁ ብሏታል።

ስልኩ ጮኸ። የእናቷ የድምፅ መልእክት ነው።

«ሀጂዬ፣ ምነው ዘገየሽ? ደህና ናችሁ? ውሃዬን ቀድቼ ሚስኮልሽን እየጠበቅሁ ነው። ብትረሺም አልቆጣሽ፣ አይዞሽ። ይኸው ባንቺ ሰበብ ዘንድሮ አንድም ቀን ሳይጎድልብኝ ልጨርስ ነው፤ አልሐምዱሊላህ!»

ዙልፋ ማኘኳን አቆመች። «ኔትወርክ ነው በያት» አለች በሹክሹክታ።

ሀጂራ የማይኩን ምልክት ተጫነች። «እማዬ፣ ኔትወርኩ...» ብላ ቆመች። ሰረዘችው። እንደገና ተጫነች።

«እማዬ፣ እዛ ገና ነው፤ ፀሐይዋ አልገባችም። ትንሽ ታገሺ። ካፈጠርሽ በኋላ ደውይልኝ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

ላከችው። ዙልፋ ራሷን ነቀነቀች።

መልሱ ቶሎ መጣ። «እሺ፣ የኔ ሙአዚን።» ድምፅዋ ውስጥ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም።

«አንቺስ? አትበዪም እንዴ?» አለች ዙልፋ።

«ከእማዬ ጋር ነው የማፈጥረው።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ውጭ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መኪና ጡሩምባውን ነፋ። በመጨረሻ የዓሪፍ መልእክት መጣ፦ «አለ!»

ሀጂራ ደወለች። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ ዘጋችው። መጀመሪያ ትብላ፣ አለች በልቧ፤ ውሃዋን ትጠጣ። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ተምሩን እንደያዘች እናቷ እስክትደውል ጠበቀች።