ከበሩ ሥር የወጣው ወረቀት

ሰዓሊው ከተቆለፈው በር ኋላ ተደፍቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም፣ ደምም የለም። አስሙ ተነሥቶበት ታፍኖ ነው የሞተው። የበሩ ቁልፍም ሆነ ለአስሙ የሚነፋው መድኃኒት በታላቅ እህቱ የሽርጥ ኪስ ውስጥ ነበሩ።

«ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?» አለ ፖሊሱ። «ሴትዮዋን ይዘን እንሂድ።»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል፤» አለችው መርማሪዋ፤ ወንበር ስባም ከእህትየዋ ፊት ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤» አሉ እህትየዋ።

«በምን?»

«በመቆለፍ ነዋ! ቆልፊብኝ የሚለው ራሱ ነው። ወረቀት ሲይዝ ከሰው አይነጋገርም፤ ስእለቱ ነው። ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ፤ በመርፌ ሲበሳው ይውላል። አንዱ ቀዳዳ አንድ ‹ማረኝ› ነው። ሲጨርስ ወረቀቱን በበሩ ሥር ያወጣዋል፣ ያኔ እከፍትለታለሁ። መድኃኒቱንም ለእኔ ሰጥቶ ነው የሚገባው። እምነቴ ይበቃኛል ይላል። እልኸኛ ነበር፣ ወንድሜ!»

«ዛሬስ ወረቀት አልወጣም?»

«አልወጣም። እኔም ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።»

መርማሪዋ እጅጌያቸውን አየች። እስከ ክርናቸው ድረስ እርጥብ ነው።

«እትዬ፣ ልብስ ሲያጥቡ ነበር እንዴ?»

እህትየዋ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። «አንሶላ ነበረች… ጓሮ… ግማሽ ሰዓት ብትሆን ነው። ስመለስ በበሩ ሥር ምንም የለም። እየሠራ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ልክፈተውና ልየው አላልኩም!»

ሳሎኑ መስኮት ላይ ስድስት ትልልቅ ነጭ ወረቀቶች በክር ተሰቅለዋል። ብርሃኑ በሺህ ቀዳዳ ይገባል። መስመሮቹ በገመድ የተለኩ ይመስላሉ፤ አንዱም ዝንፍ አላለም። ብዙም የማትጸልየው መርማሪ ሳታስበው ድምፅዋን ቀነሰች።

የሥራ ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ተደርድሯል። ሰዓሊው መርፌው ጠረጴዛውን እንዳይወጋ ለየወረቀቱ አዲስ ካርቶን ከሥር ያነጥፍ ነበር። ቆጠረች። ሰባት። ሰባተኛውን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። ላይኛው መስመር ቀጥ ያለ ነው። ከመሐል በኋላ ቀዳዳው መንገድ ስቷል፣ ታች ሲደርስ ተበታትኗል። ለማንም ሳታሳይ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው።

እህትየዋን በሩን ያስከፈታቸው የሰዓሊው ሥራዎች የሚታዩበት ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አዳራሹ ውስጥ ከአናጢዎች ጋር እንደነበረ አናጢዎቹ መሰከሩ።

«ጠላት ነበረው?» አለችው መርማሪዋ።

«የሱ ጠላት ራሱ ነው። ዘንድሮ ወረቀቶቹ ያለ ፍሬም፣ ያለ መስታወት ይሰቀሉ አለ። ጸሎት መስታወት ውስጥ አይገባም አለኝ። ፍሬም ሠሪው እንዴት እንደከፋው! ሃያ ዓመት ሙሉ የሱን ሥራ ፍሬም ውስጥ ያስገባ ሰው ነው።»

ፍሬም ሠሪው ሱቁ ውስጥ እንጨት ይልግ ነበር።

«ጠዋት ቤቱ ሄደው ነበር?»

«ደጅ ድረስ። ሰው ሳጣ ተመለስኩ።»

«ሰሞኑን ታሞ ነበር?»

«መታመም ብቻ! መስመሩ እንኳ እንደ ሰካራም እርምጃ ይዋዥቅ ጀምሮ ነበር። ምስኪን።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ካርቶንም እንደዚያው ነው። ስድስት ወረቀት አለ፤ ካርቶኑ ግን ሰባት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰባተኛ ወረቀት ተበስቷል። ክፍሉ ውስጥ ግን የለም። ከዚያ ክፍል መውጫው ደግሞ የበሩ ሥር ብቻ ነው። ሳይጨርስ ያወጣው ትንፋሽ ስላጠረው ነው፤ እትዬ እንዲከፍቱለት። እሳቸው ጓሮ ነበሩ። ታዲያ ማን አነሣው?»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠቆመች።

«እነዚህን ስድስቱን እዩዋቸው። የቱ መስመር ነው የተዋዠቀው?» ወደ ፍሬም ሠሪው ዞረች። «የተዋዠቀው ሰባተኛው ብቻ ነው። ካርቶኑን ከእኔ በቀር ያየ የለም። እርስዎ መስመሩን የት አዩት?»

ፍሬም ሠሪው ቆብ ያለው ይመስል እጁን ወደ ራሱ አነሣና መልሶ አወረደው።

«ሱቄ ነው ያለው። መስታወት ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

«አንተ!» አሉ እህትየዋ። «አንድ ጊዜ ‹እትዬ› ብትለኝ ምን ነበረበት? በሩጫ አልመጣም?»

«እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ፣ እትዬ። አትረባኝም አለኝ። እስቲ ትንሽ ይቆይ፣ ሰው እንደሚያስፈልገው ይወቅ አልኩ። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። አንኳኳ…»

«ስንቴ?» አሉ እህትየዋ።

«ሁለቴ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ሄድኩ።»

ፖሊሱ የፍሬም ሠሪውን ክንድ ይዞ ተነሣ። አዘጋጁ አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ወደ እህትየዋ ዘንበል አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ ነፃ ነዎት። ማንም አይይዝዎትም።»

«ሁለቴ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ሁለተኛዋን ሰምቻታለሁ፤» አሉ እህትየዋ። «አንሶላ እያሰጣሁ። የጎረቤት መዶሻ መሰለኝና ዝም አልኩ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። ይህን አልጻፈችውም።