ያልተገነባው ፕሮፋይል

ሐረግ መጥረጊያዋን ይዛ የማሰልጠኛውን የኋለኛ ክፍል በር ስትከፍት የነዳጅ ጭስ ፊቷን መታት። መምህር ንጉሡ አግዳሚው ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ምሳ በልቶ እዚያ ማሸለብ ልማዱ ነውና ሁለት ጊዜ ጠራችው። በሦስተኛው እጁን ነካችው፤ ቀዝቅዟል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ነሐሴ 2003። መካነ ሰላም ከተማ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፣ መብራትም የለም። የአሕመድኑር ኮምፒውተር ማሰልጠኛ ጄኔሬተር ሁልጊዜ የሚቆመው በረንዳው ላይ ነው። ያን ዕለት ግን ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ፣ ንጉሡ ከተኛበት በር ሥር ተገኘ። ነዳጁ አልቆ ጠፍቷል።

ጄኔሬተሩን ማስነሳት የብርሀንነሽ ሥራ ነው። ብርሀንነሽ ደግሞ እዚያው የምትማር የሐረግ ልጅ ናት። ፖሊስ ሳይመሽ ወሰዳት።

ሰኞ ዕለት ከደሴ ኢንስፔክተር ንግሥቴ መጣች። ጭቃ ከጫማዋ ሳታራግፍ ሐረግን አስጠራቻት።

«እትዬ ሐረግ፣ ይቀመጡ። ልጅዎ ቅዳሜ የት ነበረች?»

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቤት ነበረች፤ ከእኔ ጋር። እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ ጥጥ እፈትላለሁ። አሥር ሰዓት ላይ እኔ ልጠርግ ወጣሁ።»

«ሌላ ያያት ሰው አለ?»

«በዚያ ዝናብ ማን ቤት ይመጣል?»

«ምን ነበር የምታነብልዎት?»

ሐረግ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንዲሁ ነው። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ አይደለሁ? ያገኘነውን ነዋ።»

ኢንስፔክተሯ አላስጨነቀቻትም፤ ግን አልረሳችውም። ሐረግ ኮሪደሩን ልትጠርግ ወጣችና ከበሩ አልራቀችም። አሁን የገባው ሁለተኛው አሰልጣኝ አለኸኝ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዲፕሎማ ይዞ የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ንጉሡ የዋናውን ኮምፒውተር ፕሮፋይል ለውጦ እንደ አዲስ ሊገነባው ነበር። ግንባታ መሐል መብራት እንዳይቋረጥበት ጄኔሬተሩ እንዲነሳ ፈለገ። እሷ ዝናብ እንዳይመታው ብላ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ በሩንም ዘጋችና ሄደች። ክፋት አላት አልልም፤ ቸልተኛ ናት።»

«ሲገነባ አይተሃል?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ሳልፍ በመስኮት አየሁ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ይወርዳል።»

«እንደኔ ላለችው መሐይም አስረዳ። ፕሮፋይሉ ከተመረጠ በኋላ ምን ይደረጋል?»

«ምን ይደረጋል? ራሱ ይገነባዋል እንጂ።»

የሐረግ መጥረጊያ ቆመ። ይህ መልስ አንድ ነገር ጎደለው፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣላትም።

በምሳ ሰዓት ስንቅ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ንግሥቴ ከልጅቷ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት።

«የእኛ ማሽን እንደ ሌላው ያለቀለት ሆኖ አልመጣም» ትላለች ብርሀንነሽ። «እያንዳንዱ ፕሮግራም ከምንጩ እዚሁ ይሠራል። ፕሮፋይሉ፣ ማሽኑ ለጽሕፈት ይሁን ሌሎቹን ማሽኖች ለማገልገል፣ ምን ይኑረው ምን ይቅርበት የሚል መመሪያ ነው።»

«ስትመርጪው ይለወጣል?»

«የለም። እማዬ ጥለት ብትመርጥ ቀሚሱ በራሱ ይሸመናል? ምርጫው የአንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ግንባታውን ራስሽ ታዢያለሽ፤ ሁለት ቀን ይፈጃል።»

«ከንጉሡ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ፈተና አጥብቆብኝ አኩርፌዋለሁ። ኩርፊያ ሰው ይገድላል እንዴ?»

ሐረግ ስንቁን ሰጥታ ስትመለስ ንግሥቴ ተከትላት ማሰልጠኛው ገባች። ከዋናው ማሽን በላይ ፕሮፋይል እንዴት እንደሚመረጥ የሚያሳይ፣ በንጉሡ እጅ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ኢንስፔክተሯ ጣቷን ከጎኑ ባለው የሙጫ ምልክት ላይ አሳረፈች።

«እዚህ የነበረው ሁለተኛው ወረቀት የት ሄደ?»

ባለቤቱ አሕመድኑር ትከሻውን ነቀነቀ። «ወላሂ ዐርብ ነበር። ቅዳሜ አላየሁትም።»

ሐረግ ያኔ አስታወሰች፤ ከአለኸኝ መልስ የጎደለው እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ወረቀቱ ቤቷ ነው። ዐርብ ማታ ወለል ላይ ወድቆ አገኘችውና፣ ከቆሻሻ ጋር ከሚጣል ላንብበው ብላ ወሰደችው። ብትናገር ሌባ ይሏታል፤ ከዚያም በላይ፣ የጠፋው ወረቀት ከብርሀንነሽ ቤት ተገኘ ይባላል። ዝም ብትልስ? ልጇ ዛሬም እዚያ ታድራለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ወሰድኩት። ልጄ ከወለል መውደቁን እንኳ አታውቅም፤ ስሰጣት አነበበችልኝ እንጂ።»

ንግሥቴ አልተቆጣችም። «አሁኑኑ ያምጡልኝ፤ ለማንም ሳይናገሩ።»

በማግስቱ ሁሉም ማሰልጠኛው ውስጥ ተሰበሰቡ። ብርሀንነሽ በሁለት ፖሊሶች መሐል፣ አለኸኝ መስኮቱ አጠገብ፣ አሕመድኑር መቁጠሪያውን ይዞ፣ ሐረግ ከበሩ ጎን ነበሩ።

«ከደሴ ያመጣሁት ባለሙያ ማሽኑን መርምሯል» አለች ንግሥቴ። «ፕሮፋይሉ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ከአርባ ተለውጧል። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ነገር አልተገነባም። ከዚያ በፊትም፣ ያን ቀን ምንም አልተገነባም። አለኸኝ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ያየኸው ጎርፍ ከየት መጣ?»

«ሰዓቱን ተሳስቼ ይሆናል።»

«በየትኛውም ሰዓት አልነበረም። ንጉሡ ለሥራ ቢለውጠው ኖሮ ግንባታውን አዝዞ ይተኛ ነበር። ስለዚህ የለወጠው ሌላ ሰው ነው፤ ጄኔሬተሩን በሩ ሥር አስነስቶ ለምን እንደሚሠራ ሰበብ የፈለገ። ይህ ሰው ከግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበ፤ አመራረጡን ይናገራል። እንዲገነባ የሚታዘዘው ሁለተኛው ላይ ነው። ሁለተኛው እዚህ አልነበረም።»

ወረቀቱን ዘረጋችው።

«እትዬ ሐረግ ቤት ነበር። ብርሀንነሽ ዐርብም ቅዳሜም አንብባላቸዋለች። እሷ ብታደርገው ኖሮ ነዳጁ እስኪያልቅ የተገነባው ማሽኑ ላይ በተገኘ ነበር። ያደረገው፣ ከተመረጠ ራሱ ይገነባል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጭሱ ስላባረረውም ቆሞ አላረጋገጠም።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል» አለ አለኸኝ።

«ዲፕሎማ ያለው አሰልጣኝ ግን አያምንም። ኮሌጁን ጠየቅሁ፤ ስምህን አያውቁትም። አቶ አሕመድኑር፣ ንጉሡ ምን ብሎዎት ነበር?»

«ሰኞ ስለ አንድ ሰው የምነግርህ አለኝ ብሎ ነበር» አለ አሕመድኑር ቀስ ብሎ። «ስሙን አልጠራም።»

አለኸኝ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ የራሱን እጆች። «በአገሬው ሁሉ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት።»

ፖሊሶቹ ብርሀንነሽን ትተው ወደ እሱ ሄዱ።

ሐረግ የልጇን ክንድ ያዘች። «ተነሽ፣ ቤት እንሂድ። ሁለተኛ እዚህ አትገቢም።»

ብርሀንነሽ ግን ወደ ዋናው ማሽን ሄዳ ቁልፎቹን መታች። የድሮው ፕሮፋይል ተመልሶ ተመረጠ። ምንም ስላልተገነባ ምንም የሚፈርስ አልነበረም፤ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

«አለቀ?» አለች ሐረግ።

«ማሽኑ አለቀ» አለች ልጇ፣ ባዶውን አግዳሚ እያየች። «ሰልጣኞቹ ግን ነገ ይመጣሉ፣ እማዬ። ማን ያስተምራቸዋል?»

ሐረግ የክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ድንጋይ ደገፈችበት፤ ከዚያ ልጇ ለነገው ትምህርት ማሽኖቹን አዘጋጅታ እስክትጨርስ ደፉ ላይ ተቀመጠች።