ዳቦው ባሌ ሊሄድ ነው

«ሰብሰብ በይ እስቲ! ትንሽ ሰብሰብ!» አለ አባቷ።

ሲንቄ ከዚህ በላይ ልትሰበሰብ አልቻለችም። አናቷ የመኪናውን ግድግዳ ነክቷል፤ እግሮቿ ደግሞ ከአዲሱ አልጋ ጫፍ አልፈው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ጂራ እንዲህ ያለ ዕድል የሚያልፈው ልጅ አይደለም። በኋላው በር በኩል ተጠግቶ ውስጥ እግሯን ኮረኮራት።

«አባዬ፣ ይሄን ልጅ ያዝልኝ!» ብላ ስትፈናጠር ራሷ ከጣሪያው ጋር ተላተመ።

አልጋውን የሠሩት አናጢ ኦቦ ገቢሳ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠጉራቸውን አከኩ። «ኦቦ ኢዶሳ፣ ሦስት ክንድ ተኩል ብለው ላኩብኝ፤ ሦስት ክንድ ተኩል ሠራሁ። ታዲያ ልጅቷ ካደገች እኔ ምን ላድርግ?»

«በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው እንዴ ያደገችው?» አለ አባቷ።

ነገሩ የተገለጠላት እናቷ ወርቂቱ ነበረች። «እስቲ ሁለታችሁም ክንዳችሁን አምጡ» አለች። ኦቦ ገቢሳ አጠር ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፤ የሲንቄ አባት ደግሞ ቁስል ከሚያጥቡት የሆስፒታሉ ድሬሰሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። ክርናቸውን አጋጥመው ክንዳቸውን ጎን ለጎን ሲዘረጉ፣ የአናጢው ጣቶች የአባቷ ጣቶች መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ አለቁ። አባቷ መኪናውን የለካው በራሱ ክንድ፣ ኦቦ ገቢሳ ጣውላውን የቆረጡት በራሳቸው ክንድ! ወርቂቱ ሳቁ አቅም አሳጣትና የመኪናው ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

መኪናው ለአምቦ ሻይ ቤቶች ዳቦ ሲያመላልስ ኖሮ ያረጀ ነው። አባቷ በርካሽ ገዝቶ፣ በትርፍ ጊዜው እየጠጋገነ ነፍስ ዘራበት። የሰፈሩ ልጆች «ዳቦው» ይሉታል። ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ዳቦ ዳቦ ስለሚሸት ጂራ ሲርበው ውስጡ ገብቶ ይቀመጣል። ይኸው ዳቦው ነው እንግዲህ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቤተሰቡን ጭኖ፣ መንገድ ላይ እያሳደረ፣ በጊንጪ፣ በአዲስ አበባ፣ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያደርሰው። የቤንዚን ኩፖን ከተጠራቀመ ቆይቷል። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ለሰኞ ተቀጥሯል።

ሐሳቡ ከመጀመሪያው የሲንቄ ነበር። የባዮሎጂ መምህራቸው ጋሽ ተሬፋ የቀይ ቀበሮ ሥዕል ክፍል ውስጥ ይዘው ገብተው፣ «ይህ እንስሳ ከእኛ አገር በቀር በዓለም ላይ የትም የለም» ካሉ ወዲህ ልጅቷ ሌላ ወሬ የላትም። ስምንተኛ ቢ በሙሉ ባሌ እንደምትሄድ ያውቃል። የጎረቤቷ ልጅ አስያ ደግሞ፣ «አቦ ሲንቄ፣ ቀበሮው ራሱ መምጣትሽን ሳይሰማ አይቀርም!» እያለች ትቀልድባታለች።

የማይሄዱት አኮ ብቻ ናቸው፤ የአባቷ እናት፣ አኮ ጉዴ። ላማቸው ቦራ በቅርቡ ወልዳለች፤ ከአኮና ከሲንቄ ሌላ የሚያልባትን ሰው ደግሞ አጠገቧ አታስደርስም። ወርቂቱ አንድ ቀን ሞክራ ከነበርጩማዋ ተገልብጣለች፤ የአስያ እናትም ወተቱን በሙሉ ቀሚሳቸው ላይ ተቀብለው ሄደዋል። ስለዚህ አኮ ይቀራሉ። ማንም ተነሥቶ ይቅሩ አላለም፤ ነገሩ እንደዚያው ሆኖ ተገኘ እንጂ። አባቷ አንዴ ቅር ብሎት፣ «ስንመለስ አንቺን ደግሞ ወንጪ ሐይቅ እንወስድሻለን» ቢላቸው፣ «ወንጪማ ተወልጄበታለሁ! ጭቃውን ልታሳየኝ ነው?» ብለው አሳፍረውታል።

«ኧረ ቆይ፣ ለአጭር ሰው ይሆን እንደሆነ እስቲ አኮ ይሞክሩት!» አለች ወርቂቱ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች።

«ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ እኔን መቀለጃ ልታደርጉኝ ነው?» አሉ አኮ። ቢሉም አፍታ አልቆዩም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡና አልጋው ላይ ተዘረጉ። ልክክ አለ! ከራስጌም ከግርጌም ትንሽ ትንሽ ተረፈ። ኦቦ ገቢሳ አጨበጨቡ። «ይኸው! ሥራዬ እንከን የለውም!»

ሁሉም እየሳቁ ወደ ቤት ገቡ። ሌላ ጣውላ ስላልነበረ፣ ሲንቄ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ እንድትተኛ ተወሰነ። እሷም ባሌ ትድረስ እንጂ ተቀምጣም ታድራለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዳቦው በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጂራ መስሏት ልታስደነግጠው በእግር ጣቷ ተጠጋች። አኮ ነበሩ። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በትንሿ መስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። የሚታየው የአስያ ቤት አጥርና አንዲት ዶሮ ነው። አኮ ግን ፊታቸው እንዲያ ፈክቶ ሲንቄ አይታ አታውቅም።

«አኮ?»

አኮ ብድግ አሉ። «ል... ልጠርገው ብዬ ነው!»

መጥረጊያ የለም። ሲንቄም ስለ መጥረጊያው አልጠየቀችም።

አኮ ለመውረድ አንድ እግራቸውን ካወጡ በኋላ ቆም አሉ። «ኢንተሎ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ቀበሮሽ ቀይ ነው ያልሽው ሁለመናው ነው?»

«ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ ነው። ጅራቱ ጫፍ ላይ ይጠቁራል።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አኮ። ጫማቸውን አውልቀው በነጠላ ጠቀለሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሲንቄ እዚያው ቆማ ቀረች። ለካ እሷ ስለ ባሌ ማታ ማታ ስትለፈልፍ፣ ጥግ ይዘው ጥጥ የሚፈትሉት አኮ አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም! ያየ ሌላ ሰው የለም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ አኮም ቢሆኑ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይናገሩም። ደግሞስ ይህን ሁሉ ጊዜ የለመነችው እሷ አይደለችም? ለክፍሉ ልጆች ምን ልትላቸው ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ሳቅ ጠፋባት፤ ጂራን ያለ ጥፋቱ ተቆጣችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ስብሰባ ጠራ። በየሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ እየዋለ ወጉን ቤቱ ድረስ ይዞት መጥቷል፤ የቤተሰቡም ስብሰባ አጀንዳ አለው፣ እጅ ሳያወጡ መናገር ክልክል ነው። ሊቀ መንበሩ ማን እንደመረጠው ባይታወቅም እሱ ነው።

«አጀንዳ አንድ፣ ስንቅ» አለ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ። ጩኮና ቆሎ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጂራ ኳስ ይጫንልኝ ብሎ ተሸነፈ። «አጀንዳ ሁለት፣ ልዩ ልዩ። ነገ የተጓዦችን ስም ለቀበሌ እሰጣለሁ። አስተያየት ያለው? የለም። እንግዲያው ስብሰባው...»

ሲንቄ እጇን አወጣች።

«እ... አኮ ትሂድ» አለች። «በእኔ ቦታ። ቦራን እኔ አልባታለሁ። አስያ እየመጣች አብራኝ ታድራለች፤ እናቷንም ጠይቄያለሁ።»



«ምን ነካሽ?» አለች እናቷ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ያለ ባሌ ሞቼ እገኛለሁ ያልሽው?»

«አልጋው የአኮ ልክ ነው» አለች ሲንቄ። ሌላውን ልትናገረው አልፈለገችም።

አባቷ ልጁን አየ፣ እናቱን አየ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሐሳቡ... ለድምፅ ቀርቧል። የተቃወመ?»

«እኔ!» ብለው አኮ እጃቸውን ሰቀሉ። «ልጅቷ ቀርታ እኔ አሮጊቷ ጫካ ለጫካ ልዞር? ኧረ ዋቃ አምላኬ ያውቃል፣ አላደርገውም!»

«አኮ፣ ቀበሮው እኮ በደንብ የሚታየው በማለዳ ነው» አለች ሲንቄ። «እነዚህ እንቅልፋሞች ያለ አንቺ ቢሄዱ ሳያዩት ነው የሚመለሱት።»

የአኮ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። «በማለዳ?»

«በማለዳ።»

«የደገፈ?» አለ አባቷ።

ወርቂቱ እጇን አወጣች። ጂራ ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። አንድ ሰው አንድ እጅ ተብሎ ተገሠጸ። ከዚያ፣ ጆሯቸውን ሊያኩ የፈለጉ መስለው፣ አኮ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ከፍ አደረጉ።

«እማዬ፣ አሁን ተቃውመሽ አልነበረም?» አለ አባቷ።

«ድምፄን አስተካክያለሁ» አሉ አኮ።

ግቢው በሳቅ ተሞላ። አባቷ እየሳቀ ሲቆጥር ድንገት ሲንቄ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አቅራቢዋስ? የሁሉንም አይቻለሁ፤ ያንቺን እጅ ግን አላየሁም።»

እውነቱን ነው። ሳታስበው እጇ ላይ ተቀምጣበታለች። ዳቦው ፊት ለፊቷ ቆሟል፤ በትንሿ መስኮት አልጋው ይታያል። እስካሁን ድረስ ነገሩ አኮ ይሂዱ ማለት ነበር፤ አሁን ግን እጇን ማውጣት እሷ ትቅር ማለት ነው። ሁሉም ይጠብቋታል፤ የሚያስቸኩላት ግን የለም።

አኮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ኢንተሎ ኮ፣ እንዲያው ቀበሮው ሲያየኝ ሰላም ልበለው ወይስ ዝም ልበለው?» አሉ በሹክሹክታ።

ሲንቄ ሳቋ አመለጣት። እንባዋም አብሮ መጣ። «ዝም በይው አኮ፣ ዝም ብለሽ እይው» አለችና እጇን ከሥሯ አውጥታ ከሁሉም በላይ ከፍ አደረገችው።