«ተጠባባቂ» የሚለው ወረቀት

«መብራት ከጠፋ ይጥፋ፣ ምን አገባን!» አለ ኢዮሲያስ ደረቱን ነፍቶ። «ባትሪ አለን። ኢንቨርተሩ ቢበላሽ ደግሞ ተጠባባቂ ኢንቨርተር አለን። የውድድሩ ዳኞች ዛሬ ሲመጡ ጉድ ነው የሚሉት!»

ሮሆቦት ፊቷን አዞረች። ይህ የትምህርት ቤቱ ሳይንስ ክበብ ሊቀመንበር የባትሪን ፖዘቲቭ ከኔጌቲቭ ለመለየት እስካሁን ቀይ ሽቦ የሚፈልግ ልጅ ነው። የተመረጠው ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። የክበቡ ተጠሪ ቲቸር ሙለታም አይሻሉም፤ የሰጧቸውን ወረቀት ሳያነቡ ይፈርማሉ። በእሷ ቤት፣ አምቦ በሚያወሩ ሰዎች ተሞልታለች፤ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

መፈልፈያ ሣጥኑ ውስጥ ሃያ አራት እንቁላል አለ፤ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ሁለት ቀን ሙቀት ካገኘ ጫጩት ይሆናል። እንቁላሎቹ የአዴ ጣቢታ ናቸው። ጊንጪ አጠገብ ያረቧቸውን ዶሮዎች ፈንግል ሲጨርስባቸው የተረፋቸው ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ መጥተው «አከም ቡልተን» ብለው ሁሉንም ሰላም ካሉ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከሣጥኑ አይነቀልም።

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የባትሪውን ኃይል ለሣጥኑ የሚያደርሰው ዋናው ኢንቨርተር ሳያርፍ ሲሠራ ሰንብቶ ማራገቢያው ሲጥጥ ማለት ጀምሯል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ቢቆምስ?» አሉ አዴ ጣቢታ።

«ሌላ አለ አልኩዎት እኮ!» አለ ኢዮሲያስ።

ሮሆቦት መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁለተኛ ኢንቨርተር አነሳች። ኢዮሲያስ በትልልቅ ፊደል «ተጠባባቂ» ብሎ ጽፎ ለጥፎበታል። አቧራ ጠጥቷል፤ ደግሞም ቀለላት። ከተለጠፈ ወዲህ ማንም እንዳልፈተሸው ገባትና ደስ አላት። ዳኞቹ ሳይመጡ ታዋርደዋለች። ካቻቪቴ አምጥታ ክዳኑን ፈታችው።

ማራገቢያ የለም። የፊውዙም ቦታ ባዶ ነው።

«ጀለስ፣ ና እስቲ ጉድህን እይ» ልትለው አፏን ስትከፍት በክዳኑ ውስጥ በፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት አየች። ጽሕፈቱ የራሷ ነው። «ማራገቢያውንና ፊውዙን ለዋናው ወስጃለሁ። ለጊዜው ነው። ሮሆቦት።»

ጥር ላይ ነበር። ዋናው ሲበላሽ ከተጠባባቂው ነቅላ ጠገነችው፤ ክበቡ በሙሉ አጨበጨበላት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ምትክ አስመጣለሁ ብላ ረሳችው። ቲቸር ሙለታም ያልፈተሹት «ሮሆቦት ካየችው በቃ» ብለው ነው። ስታሾፍባቸው የከረመችባቸው ሰዎች አምነዋት ነበር።

ወረቀቷ ትንሽ ናት፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። «ተጠባባቂ» ብሎ የለጠፈው ኢዮሲያስ ነው፤ ጥፋቱ የሱ ይሆናል።

በዚያው ቅጽበት የዋናው ማራገቢያ ሲጥጥታ ቀጥ አለ።

«ሁለተኛውን አምጪው!» አለ ኢዮሲያስ።

ሮሆቦት የተከፈተውን ኢንቨርተር ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አዴ ጣቢታ፣ ሌላ የለም» አለች። «ባዶ ነው። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

በሩ አጠገብ የነበሩት ቲቸር ሙለታ ጠጋ ብለው ወረቀቷን አነበቧት። አዴ ጣቢታ ተነስተው ሁለቱንም መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። ሮሆቦት የኢዮሲያስን ሳቅ ጠበቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

«አሁን ምን ይሻላል?» አላት።

«ዋናው ገና አልቆመም፤ ከጋለ ግን ይቃጠላል። መቀዝቀዝ አለበት።»

ካቻቪቴውን ከእጇ ተቀብሎ የዋናውን ክዳን ፈታ፤ ደብተሩን አወጣና ማራገብ ጀመረ። ሸሚዙ ብብቱ ሥር ረጠበ። ግቢው ውስጥ የዳኞቹ መኪና ሲቆም ተሰማ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ሮሆቦት «ተጠባባቂ» የሚለውን ወረቀት ልጣ ጣለችው። ከዚያ የራሷን ደብተር አውጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ክንድህ ሲዝል ንገረኝ» አለችው።