ሽርጡን ያነሳው እጅ

ባለ ዳቦ ቤቱ የሞተው በጠዋቱ፣ የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ውስጥ እስከ ትከሻው ገብቶ የደረቀ ሊጥ ሲፍቅ ነው። ማሽኑን ያስነሳው የገዛ ልጁ ነው። ልጁም አልካደም፤ ፖሊስ ሲደርስ «ውስጥ መሆኑን አላወቅኩም! ሽርጥ አልነበረም!» እያለ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ነበር። ኢንስፔክተሯ የተጠራችውም በዚሁ በሽርጡ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ያለው ከግድግዳ ጀርባ፣ ማብሪያው ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ፣ በሩ አጠገብ ነው። ማብሪያው ጋ የቆመ ሰው ማሽኑን አያይም። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ሽርጡን አውልቆ ማብሪያው እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ሽርጥ ያለበትን ማብሪያ በዚህ ቤት ማንም አይነካም። ሕጉን ያወጣው ሟቹ ራሱ ነው፤ አንድም ቀን አጓድሎት አያውቅም። የዛሬው ሽርጥ ግን የተገኘው በሩ ጀርባ፣ የሥራ ልብስ የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ነው።

«ያነሳው ሰው ገዳዩ ነው» አለ ሳጅኑ።

«ጎበዝ! ታዲያ ይህን ካወቅክ እኔን ከአልጋዬ ምን አስጎተተህ?»

ኢንስፔክተሯ ጠዋት ጠዋት ፊቷ አይፈታም። ሰሞኑን ደግሞ ለሹመት ፈተና እንግሊዝኛ እያጠናች ነው የሰነበተችው፤ አስተማሪ የሆነችው ልጇ በየቀኑ አንድ ቃል ትልክላታለች። የዛሬዋ ቃል «አንዊቲንግሊ» ናት። ከቤት እስከዚህ ድረስ ስታላምጣት መጥታ አሁንም አልተዋጠችላትም።

ማብሪያውን አየች። እጀታው ላይ በዱቄት የነጡ ጣቶች ታትመውበታል። ከሥሩ ካለው አግዳሚ ላይ ያልተከፈተ የሻይ ፔርሙስ ተቀምጧል። ሽርጡን አየች። ሰማያዊ ነው፤ ገና ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ አንድ ነጠብጣብ እንኳ የለበትም።

መጀመሪያ የገባው የምድጃው ሠራተኛ ነው። «ፍም» ይሉታል፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥላሸት ነው።

«ሽርጡን ሲያንጠለጥል በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ከዚያ እኔ ወደ ምድጃዬ ገባሁ። ዳቦ እሳት ውስጥ ከቶ የሚዞር ሰው አለ እንዴ?»

«ከጌታህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ይጮህብኝ ነበር። በማን ላይ አልጮኸም! ግን ልጄን ሐኪም ቤት ያሳከመልኝ እሱ ነው፤ አፈር ልብላለትና።» እንባውን ሲጠርግ ጥላሸቱ ጉንጩ ላይ ተሰመረ።

ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም መጣ። ፊት ለፊት ዳቦ የሚሸጠው እሱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ንቅንቅ እንዳላለ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ መስክሮለታል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ ሬሳው ሳይነሳ ይህን ማውራት ነውር ነው... ትናንት ማታ አባትና ልጅ ተጣልተዋል። ልጁ ዳቦ ቤቱን ትቼ ሹፌር እሆናለሁ አለ። ወንድሜም ‹ከቤቴ ውጣ› አለው።»

በመጨረሻ ልጁ ገባ። እጁ፣ ደረቱ፣ ፀጉሩ ሳይቀር ዱቄት ነው።

«ዱቄት ከመጋዘን ተሸክሜ ገባሁ፤ ሽርጥ የለም። ጨርሶ የወጣ መስሎኝ አስነሳሁት። ይኸው ነው። አቤት፣ ያ ድምፅ...»

ኢንስፔክተሯ ሽርጡን ከሚስማሩ አውርዳ በብርሃኑ በኩል ገለበጠችው። ረጃጅም ማሰሪያዎቹ ሁለቱም ተጠቅልለው፣ መሬት እንዳይነኩ በትንሽ ቋጠሮ ታስረዋል። ጣቷን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች።

«እኔ ነኝ!» አለ ልጁ ድንገት።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት። አውቄ ነው። አንስቼ ሚስማሩ ላይ ወረወርኩትና አስነሳሁ። እሰሩኝ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያጠልቅለት እጁን ራሱ ዘረጋለት። ኢንስፔክተሯ ግን ምንም ደስ አላላትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲምልና ሲገዘት የነበረ ሰው ቋጠሮ ስትነካ ለምን ያምናል?

የሟቹ ሚስት ከግቢው ጓሮ ባለው ቤት ውስጥ ሴቶች ከበዋት ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሴቶቹን አስወጥታ፣ ካፖርቷን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ልጅ የለኝም» አለች ሴትየዋ። እንባዋ ደርቋል። «ያቺን ሽርጥ ያነሳች እጅ ትቆረጥ! አንድ ልጅ ነበረኝ፤ እሱም ከአባቱ ጋር ሞቷል በይኝ።»

«እናቴ፣ ጠዋት ሻይ ያመጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አይ ሻይ! ምክንያት ነው እንጂ። ትናንት ማታ ስለተጣሉ ልለምነው ነበር የሄድኩት።» ተነስታ እየተንጎራደደች ቀጠለች። «‹ተወው ይሂድ፣ ቢከፋው ይመለሳል› ልለው፣ ቃሉን በልቤ እየደረደርኩ ገባሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሲፍቅ ይሰማኛል። ‹ሻይ አምጥቻለሁ› አልኩት። ‹እሺ› አለኝ። ከዚያ ፈራሁና ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ማታ አልኩ እኮ! ምን ማታ አለኝ?»

«ሽርጡን አዩት?»

«ምኑን አይቼ! ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። እኔ ምንም አልነካሁም።»

በዚህ መሃል የኢንስፔክተሯ ስልክ ጮኸ። ልጇ ናት። ወደ በረንዳ ወጣች።

«እማዬ፣ ቃሏን ያዝሻት?»

«‹በስህተት› ማለት አይደለችም? ተይኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አይደለችም! የተሳሳተ ሰው ያደረገውን ያውቃል፣ ‹ይቅርታ› ይላል። ይቺ ግን ማድረጉን ራሱ ለማያውቅ ሰው ናት። ብትጠይቂው ‹እኔ አላደረግኩም› ብሎ ይምልልሻል፤ መሐላውም እውነት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘግታ ተመለሰች። ካፖርቷ ወንበሩ ላይ የለም።

«ካፖርቴን ማን ወሰደው?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ ያ ፖሊስ ይሆናል» አለች ሴትየዋ፣ ግራ ገብቷት። ካፖርቱ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ቀበቶው ተጠቅልሎ በትንሽ ቋጠሮ ታስሯል። ከእነሱ በቀር ወደ ክፍሉ የገባ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ ካፖርቷን አውርዳ ቋጠሮውን ፈታች። አሁን ምን ይደረጋል? ዝም ብትል ያልበደለ ልጅ ወህኒ ይወርዳል። ብትናገር ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን እጇን እያየች ትኖራለች። ‹ለሹመትና ለፈተና ምን አለፋኝ?› አለች በልቧ፤ እውነቷን ነው።

ሁሉንም ማብሪያው ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሽርጡ ዛሬ ታጥቦ የወጣ ነው፤ አንድም የቆሸሸ ጣት አላረፈበትም» አለች። «ፍም ነክቶት ቢሆን ጥላሸት ይኖረው ነበር። ወንድምየው ከመስኮቱ አልተነቃነቀም።»

«ልጁስ? አምኗል እኮ!» አለ ሳጅኑ።

«ማብሪያው ላይ የዱቄት ጣቶቹን ትቷል። በነዚያው ጣቶች ሽርጡን ቢይዝ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ደግሞ ወረወርኩት ነው ያለው። የወረወረ ሰው ማሰሪያ ጠቅልሎ ይቋጥራል? ቋጠሮውን ስነካ ነው ያመነው። የማን ቋጠሮ እንደሆነ ስለሚያውቅ።»

«ኢንስፔክተር!» ልጁ ከነካቴናው ተንበረከከ። «በፈጠረዎት ይተዉት! እኔ ነኝ ብያለሁ እኮ! ምን ይፈልጋሉ?»

«አንተ ዝም በል» አለች፣ ድምፅዋ ግን አልጨከነም። «ማን ጠላው እያልን ስንጠይቅ ዋልን። የጠላው የለም። ሽርጡን ያነሳው ሰው ማንሳቱን አያውቅም። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ እጁ ግን የተንጠለጠለ ልብስ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። እናቴ፣ ቅድም ካፖርቴን የሰቀሉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔ አልሰቀልኩ...» ሴትየዋ ማብሪያውን አየች፣ በሩን አየች። «ማሰሪያው... መሬት ሊነካ ነበር» አለች በቀስታ። «ታጥቦ... መሬት ሊነካ...»

ከዚያ በኋላ ከአፏ የወጣው ጩኸት ለጆሮ ይከብዳል። ፍም ደግፎ አስቀመጣት።

«እማዬ፣ አላወቅሽም!» አለ ልጁ እያለቀሰ። «ሳታውቂ ነው! እኔ ነኝ ማብሪያውን የነካሁት!»

«አንተ ግን አውቀህ ነው» አለች እናቱ፣ ትንፋሽ እያጠራት። «አውቀህ ነው የዋሸኸኝ። ስንት ዓመት ልትታሰርልኝ ነበር?»

«የፈረዱብኝን ያህል።»

«እኔስ? ያን ሁሉ ዓመት የወለድኩትን ልጅ ስረግም ልኖር ነበር? ባሌንም ልጄንም አጥቼ? እሱን አሰብከው?»

ልጁ አላሰበውም ነበር። አንገቱን ደፋ።

ኢንስፔክተሯ «ፍታው» አለችው ሳጅኑን። ሳጅኑ ቁልፉን ይዞ ቢጠጋም ካቴናው ጋ መድረስ አልቻለም፤ እናቱ ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቅፋው ነበር። ኢንስፔክተሯ ትንሽ እንዲጠብቅ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ቆሞ ጠበቀ።